የጋሼ ጠመኔ ጠረጴዛና አሮጌ መሳዩ አዲስ

ሰው ሳይታይ ገብቶ ሊወጣ ያሰበበት ቦታ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ዘመዱ ነው። ጋሼ ጠመኔም ከውጭ የመጣ የቤት ዕቃ የሚሸጥበትን መደብር የመስታወት በር ገፋ አድርገው ከመግባታቸው የእህታቸውን ልጅ ፊት ለፊት አገኟት።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት?»

«እንዲያው... መንገዴ ነው ብዬ» አሉ። መንገዳቸው አልነበረም።

ልጅቱ ቀያሽ ናት፤ ሥራዋ መሬት መለካት ነው። ያን ቀን ለመሥሪያ ቤቷ ወንበር ልትመርጥ መጥታ ነበር። እሳቸው የፑል ቤት ባለቤት ናቸው። የመምቻው ዱላ ጫፍ የሚታሽበት ሰማያዊ ጠመኔ ከጣታቸው ለቆ ስለማያውቅ እውነተኛ ስማቸው ተረስቶ ጋሼ ጠመኔ ሆነው ቀርተዋል። በሠርጋቸው ዕለት እንኳ በሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ ላይ ሰማያዊ የጣት አሻራ ተገኝቷል ይባላል፤ ሚስታቸው ሲከፋቸው ዛሬም ያነሡታል።

የጋሼ ዓይን ግን ከልጅቱ ትከሻ አልፎ ሄዷል። በመደብሩ መካከል አንድ የፑል ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ እግሩ የአንበሳ መዳፍ ይመስላል፣ ጎኑ በአበባ ቅርጽ ተፈልፍሏል፣ ጨርቁ እንደ ክረምት ሣር ለምልሟል።

«ይኼማ የእርስዎን ጠረጴዛ ቁርጥ!» አለች።

«የእኔን በጎረምሳነቱ» አሉ ጋሼ ጠመኔ።

ሻጩ ፈጠን ብሎ መጣ። «የድሮ ቅርጽ ነው አባባ፤ ግን ገና ከሳጥኑ መውጣቱ ነው። የአያት መልክ፣ የልጅ ጉልበት!»

ጋሼ ጠመኔ ልጅቱን ወደ ጎን ሳብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ካየሽኝ አይቀር ልንገርሽ። ልጄ ቤቴን ጥሎ ታች ሰፈር የተከፈተው አዲስ ፑል ቤት ነው የሚውለው። ‹ያንተ ጠረጴዛ እጄን አበላሸው› አለኝ። ለአባት እንዲህ ይባላል? ሌላ ሰፈር ሄደን ስንጋጠም እንሸነፋለን፤ እኛ ቤት ሲመጡ ድባቅ እንመታቸዋለን። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ እያሉ ይሳለቁብናል። ይህን ከገዛሁ ልጄ ይመለሳል። አሮጌውን ነገ ጠዋት አናጢው መጥቶ ያፈርሰዋል።»

«ምን ሆነና?»

«አርጅቷላ! ሁሉ ኳስ ወደ አማች ይሄዳል።»

አማች ማለት በጋሼ ጠመኔ ቤት በበሩ በኩል ያለው የማዕዘን ቀዳዳ ነው። ጠረጴዛው ወደዚያ ስለሚያዘነብል፣ ወደ ሌላ የተላከ ኳስ ዞር ዞር ብሎ እዚያው ይወድቃል። ከቤቱ ምርጥ ምርጡ ለአማች ነው ተብሎ ስም ወጣለት። በኋላም ደንብ ተጨመረ፤ አማች ውስጥ እየተንከባለለ የገባ ኳስ አይቆጠርም፣ በኃይል ተመትቶ የገባ ብቻ ይቆጠራል። ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ጋሼ ናቸው፤ ፍርድ ያስተካከሉ መስሏቸው ነበር።

ልጅቱ ጥቂት አሰበች። «አዲስ አይገዛ አልልዎትም። ግን ከመግዛት በፊት ዕቃውን መጠየቅ ነውር አለው?»

«ዕቃ ይናገራል እንዴ?»

«ጠያቂ ካገኘ አሳምሮ ነዋ!»

ሻጩን አስፈቅዳ አንዲት ኳስ ከመዳፏ በቀስታ ለቀቀች። ኳሷ እስከ መካከል ቀጥ ብላ ሄደችና እንደ ሰካራም ወደ መስኮቱ ታጠፈች።

«ወለሉ ይሆናል» አለ ሻጩ።

«ይሆናል» አለችና ዞራ ከወዲያኛው ጫፍ ለቀቀች። አሁን ደግሞ ኳሷ ከመስኮቱ ሸሽታ ወደ ግድግዳው ታጠፈች። «ወለሉ ቢሆን ሁለቱም ወደ አንድ ወገን በሄዱ። ላዩ ራሱ ወጣ ገባ ነው። ከጨርቁ ሥር ምን አለ?»

«የተጨመቀ እንጨት» አለ ሻጩ፣ እንደማፈር ብሎ። «ድንጋይ የተነጠፈበት ከፈለጋችሁ በትዕዛዝ ይመጣል፤ እሱ እውነተኛ ዕቃ ነው። ይሄ ለሳሎን ጌጥ ነው።»

«እግዜር ይስጥህ፣ እውነቱን ነገርከን። የተጨመቀ እንጨት ጋሼ፣ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ካበጠ አይመለስም።»

ጋሼ ጠመኔ ጎንበስ ብለው የአንበሳውን እግር በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸ።

«የአንበሳ መዳፍ፣ የዶሮ አጥንት!» አሉና ቀና አሉ። ቀጥሎ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ይሁን፣ ይሄ አይረባም። የእኔስ? የዘመመ ጠረጴዛ ምን ሊረባ?»

«እሱንም እንጠይቀዋ!»

ፑል ቤቱ ሲደርሱ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጠመጠመ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

«መጣህ? ሟቹን ልትሰናበት ነው?» አለ። «የመገነዣውን እኔ ልስፋ?»

«ዝም በል አንተ! ያንተ የስፌት መኪና ከዚህ ጠረጴዛ በላይ ያቃስታል።»

ልጅቱ የጨርቁን ጠርዝ ገለጥ አድርጋ ከሥሩ ያለውን ጥቁር የድንጋይ ገበታ አሳየችና ረጅም ማስመሪያ በስስ ጠርዙ አጋደመችበት። «ጋሼ፣ ዝቅ ብለው ይዩልኝ። በማስመሪያው ሥር ብርሃን ያልፋል?»

ጋሼ ጠመኔ ጉልበታቸውን ይዘው አጎነበሱ። «አያልፍም።»

በማዶም፣ በአግድምም ደገመች። አያልፍም። ከዚያ ከቦርሳዋ ውሃ ልክ አውጥታ አስቀመጠችበት፤ አረፋዋ ከመካከል ሸሽታ ጥግ ያዘች። ወለሉ ላይ ስታስቀምጠው አረፋዋ እዚያው ጥግ ሄደች።

«ድንጋዩ ቀጥ ያለ ነው፤ ግን ዘሟል። ጥፋቱ የማን ነው?»

«የቆመበት!» አለ ልብስ ሰፊው፣ ሳያስበው።

«በየማለዳው ደጃፉን ልጠብ ብሎ በሩ ሥር ባልዲ ሙሉ ውሃ እየደፋ ወለሉን ያሰመጠውስ?» አለች ልጅቱ።

ልብስ ሰፊው በሳቅ እየተንፈቀፈቀ በጣቱ ወደ ጋሼ ጠመኔ አመለከተ። ጋሼ አልሳቁም።

«አንቺ ልጅ፣ እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ቤት ሰው ያሸነፍነው...»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወለሉ ነው ያሸነፈላችሁ።»

ሽማግሌ የሚኮራበትን ነገር መንካት ቁስል እንደ መንካት መሆኑን ልጅቱ ታውቃለች፤ ስለዚህ ድምፅዋን አለዘበች። «ከወለሉ ይልቅ የጎዳችሁ ደንቡ ነው። አማችን ሊቀጣ ወጥቶ የቀጣው ተጫዋቹን ነው። ቀስ ያለ ምት ስለማይቆጠር ቀስ ብሎ መምታትን ማንም አልተማረም። ሌላ ቤት ስትሄዱ ደግሞ እጃችሁ መዶሻ ይሆናል። ልጅዎ ‹እጄን አበላሸው› ሲል ሊሰድብዎት አይመስለኝም፤ ሕመሙን ነው የነገረዎት።»

«ካቀናሽው እኮ በቤታችንም ልንሸነፍ ነው!»

«ትሸነፉ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን የተሸነፈ ሰው ምን እንደጎደለው ያውቃል። አሁን ያሸነፋችሁም የተሸነፋችሁም በምን እንደሆነ አታውቁም።»

ጋሼ ጠመኔ ጥቁሩን ድንጋይ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ቀዝቃዛና ልሙጥ ነበር። ሊያፈርሱት ከመወሰናቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባውን፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሳይጠይቁት መቅረታቸው ገረማቸው።

«እኔ ደግሞ እንደኔ ያረጀ መስሎኝ!» አሉ በመጨረሻ። «ለካ አሮጌውን በእርጅናው ልጥለው፣ አዲሱን በመልኩ ልገዛው ኖሯል። ሁለቱንም ሳልጠይቅ!»

በማግሥቱ አናጢው መጋዙን ይዞ መጣ። «መጋዙን አስቀምጥና ክሪክ አምጣ» ተባለ። በአማች በኩል ያለው እግር ተነሥቶ ውሃ ልኩ መካከል እስኪይዝ ድረስ ከሥሩ ላሜራ ተነጠፈ፤ የድንጋዮቹ መጋጠሚያ በሰም ተሞላ። የጠርዙ ላስቲክ ግን በእርግጥ አርጅቶ እንደ ደረቅ ዳቦ ነቅቷል፤ አዲስ ላስቲክና ጨርቅ ከዚያው ከውጭ ዕቃ መደብር ተገዛ። ጨርቁን የወጠረው ልብስ ሰፊው ነው፤ «ለሟች የሰፋሁት ለሙሽራ ሆነ» እያለ። ባልዲው ከደጃፉ ተባረረ። ግድግዳው ላይ የተጻፈውንም ደንብ ጋሼ በገዛ እጃቸው ፋቁት።

ወሬ እግር አለውና ልጃቸው ከሰዓት በኋላ ከበሩ ቆመ። አባትየው ዱላውን አቀበሉት። ልጁ ጎንበስ አለ፣ እንደ ልማዱ ክንዱን ሰበቀ፣ ከዚያ የሆነ ነገር ትዝ እንዳለው ሁሉ መልሶ አለዘበና በቀስታ ነካት። ኳሷ ወደ አማች አመራች። የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ጋሼ ጠመኔም ጭምር፣ መውደቋን ከልማድ የተነሣ ጠበቀ። ኳሷ ከቀዳዳው ከንፈር ደርሳ ቆመች።

ልጁ ቀና አለ። «አባዬ፣ ያልኳትን ሰማች!»

«እኔም ያልከውን ሰማሁ፤ ዘገየሁ እንጂ» አሉ አባትየው፤ ጠመኔውንም ከጣታቸው አውጥተው አቀበሉት።

ያን ቀን ጋሼ ጠመኔ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ልጃቸው ተሸነፉ፤ እንደዚያ ቀንም ደስ ብሏቸው አያውቅም። ጠንካራው ድንጋይ ከመፍረስ ተረፈ፤ አዲሱ ላስቲክ የሚገባውን ቦታ አገኘ፤ የቤቱ ተጫዋቾች ሌላ ሰፈር ሲሄዱ አንዳንዴ ያሸንፋሉ፣ አንዳንዴም ይሸነፋሉ፣ ሁልጊዜ ግን ምክንያቱን ያውቁታል። ዕቃ መራጭ ሁሉ ዕድሜና ውበትን ወደ ጎን ብሎ ከጨርቁ ሥር ያለውንና ከእግሩ ሥር ያለውን ቢያይ፣ ስንት ደኅና ነገር ከመጋዝ በዳነ!

አመሻሹ ላይ ልጁ እንደ ቀድሞዋ ከቀዳዳው ከንፈር የቆመች ሌላ ኳስ በቀስታ ነክቶ አማች ውስጥ ጣላት።

«ይቆጠራል?» ሲል ጠየቀ።

«ይቆጠራል እንጂ!» አሉ ጋሼ ጠመኔ። «አማችም ከእንግዲህ የተሰጠውን ይብላ!»