የፉፋ ቀኝ ጉልበት

ተቀመጡ። ንግግር አልችልም፤ ሳልናገር ግን አልሄድም። እኔ በስልሳ ስምንት ዓመቴ እሠራለሁ፤ ፉፋ ዛሬ በሠላሳ አምስቱ ከኳስ ጡረታ ይወጣል። ይሄ ፍርድ ነው?

ከኡኬ ከተማ ለቡድናችን ሊጫወት የመጣ ዕለት ገና ከሚኒባሱ ሲወርድ እግሩ ዞረ። ኳስ ሳይነካ! እኔ የቡድኑ ወጌሻ ከነሻንጣው ያሸሁት ተጫዋች እሱ ብቻ ነው።

"ቦታህ የት ነው?" አልኩት።

"በረኛም ነኝ፣ አጥቂም ነኝ፣ ኦቦ ገቢሳ።"

"በሽተኛም ነህ" አልኩት።

ሦስቱንም ሆነ። ሻምቡ ከተማ ስንጫወት በመጀመሪያው አጋማሽ ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ፤ በሁለተኛው አጥቂ ሆኖ ጎል አገባ፤ ለጎሉ ሲጨፍር ትከሻው ወለቀ። ሳቁ፣ እውነት ነው። ከዓመቱ ግማሹን ይጫወታል፤ ግማሹን እኔ ፊት ተጋድሞ "ኦቦ፣ ቀስ!" ይላል። እኔ ቀስ አላውቅም። ሜዳ ስገባ የማውቃት ቃል "ተነስ!" ናት። እሱም ይነሳ ነበር።

አሁን አትሳቁ። ጊምቢ ስንጫወት ቀኝ ጉልበቱ ሲጮህ ሰማሁ። አንድ የአዲስ አበባ ቡድን ለቀጣዩ ሳምንት ሊሞክረው ጠርቶት ነበር። "ወለምታ ነው፣ ተነስ" አልኩት። ተነሳ፤ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ባለቤቱ ድርቤ "ሆስፒታል ልውሰደው" ስትለኝ፣ "ሆስፒታል መርፌ እንጂ እጅ የለውም" ብዬ መለስኳት። አርባ ቀን በቅቤ አሸሁት። በኋላ ሲመረመር ጅማቱ ተበጥሶ ተገኘ።

ኮሚቴው ሲጠይቀው "ቤት ወድቄ ነው" አለ፤ እኔ እንዳልባረር። እዚያው ቆሜ ሰማሁ። ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት እያነከሰ ተጫወተልን፤ አዲስ አበባ ግን ሁለተኛ አልጠራውም።

እጄ አይሳሳትም ስል ኖሬአለሁ። ተሳስቷል። ኮሚቴዎች፣ እዚህ ናችሁ፤ ስሙኝ፤ ፉፋ ቤት ውስጥ አልወደቀም። ድርቤ፣ ትክክሏ አንቺ ነበርሽ። ፉፋ፣ ይቅር በለኝ። ስለሸፈንከኝ አመሰግናለሁ፤ ባትሸፍነኝ ይሻለኝ ነበር።

በሉ፣ ብርዛችሁን አንሱ። ፉፋ፣ አምላክ ዋቃዮ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ከእንግዲህ አሠልጣኝ ሆነህ የምታሠለጥናቸው ልጆች ጉልበታቸው ይጽና። ሲጎዱ ሆስፒታል ውሰዳቸው፤ ወደ እኔ አታምጣቸው።

ምን ልታደርግ ነው? ልትቆም? ቁጭ በል! ዛሬ ቁጭ በል ነው የምልህ።

እኛ እንነሳለን።