አበጥሮ የሚያውቅ ሰው

ግቢ፣ ግቢ ይማርሽ እህቴ። ከኮን እስከ ላሊበላ መንገዱ እንዴት ነበር? በዚህ በነሐሴ ጭቃ ሚኒባሱን ገፍታችሁት መጣችሁ አይደል? ኧረ ተቀመጪ፣ ያንን ገመድ ወደዚያ ግፊው… ስቱዲዮ ብለን ጠራነው እንጂ የገመድ ጎተራ ነው። ገብሱ እንዴት ይዟል? ልጆቹስ? ተመስገን።

አውቃለሁ፣ እሑድ በአባትሽ መንፈቅ ላይ የሚሰማውን ድምፅ ልትወስጂ ነው የመጣሽው። ትወስጃለሽ… ትወስጃለሽ። ብቻ መጀመሪያ ስለዚያ ስለቀረጻቸው ባለሙያ ትንሽ ላጫውትሽ። ስሙን አልጠራም፤ ሰው ማማት ነውር ነው። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በጥር ቤታችሁ ሲመጣ ጠላ የቀዳሽለት አንቺ ነሽ። እኔም ጠዋት ፊቴን ስታጠብ መስታወቱ ውስጥ አገኘዋለሁ… ሰላም መባባል ግን ከተውን ሳምንት ሆነን።

ምን ዓይነት ሰው መሰለሽ! ላሊበላን ከላይ እስከ ታች ብትዞሪ እንደሱ ሥራውን አበጥሮ የሚያውቅ አታገኚም። ሌላው ሰው "አበጥሬ አውቃለሁ" ሲል በአፉ ብቻ ነው። እሱ ግን… ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ያን ዕለት አባትሽ የኔታ ወልደ ሰንበት መደቡ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ያንን አራራይ ዜማ በሳቸው አኳኋን የሚያዜም ሌላ ሰው አልቀረም። ለአንድ ሽማግሌ አንድ ማይክ ይበቃል ትያለሽ? ይኼ የተራ ሰው ሐሳብ ነው! የኛ ሰው የደብተራ ልጅ ነው፤ በማኅሌት መዘምራኑ ቀኝና ግራ ሆነው ሲቆሙ እያየ አድጓል። "ዜማ ያለ ቀኝና ግራ ምን ዜማ ነው?" አለና አንዱን ማይክ ከአፋቸው ሥር፣ ሌላውን አራት ርምጃ አርቆ ከድንጋዩ ግድግዳ ጥግ ተከለ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ! በማኅሌት ግን ቀኝ ሲያዜም ግራው ዝም ብሎ ይሰማል፣ ከዚያ ይቀበላል… ያቺን ትንሽ ነገር ዘነጋት። ሊቅ ምን ያድርግ፣ ትንሽ ነገር አይታየውማ።

አየሽ፣ ድምፅ እግረኛ ነው። ከአፍ ወጥቶ ቅርቡ ማይክ ጋ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሩቁ ጋ ግን፣ ዓይን ተርገብግቦ ከሚያልቅባት ባነሰች ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። ለየብቻቸው ስትሰሚያቸው ሁለቱም ጨዋዎች ናቸው፤ ጣጣው የሚመጣው ሲጋቡ ነው። አንዱ ወደ ላይ ሲገፋ ያ የዘገየው ወደ ታች ይጎትትና እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ከዜማው አንዱ ድምፅ ይተርፋል፣ ቀጥሎ ያለው ይጠፋል፣ ደግሞ ይተርፋል፣ ደግሞ ይጠፋል… ኮምፒውተሩ ላይ ስታዪው ቁርጥ የሚዶ ጥርስ ነው። ፈረንጆቹም ስሙን ማበጠሪያ ብለውታል። እና ታዲያ፣ አበጥሮ ያውቃል ስልሽ አጋነንኩ? "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ይባል የለ? ማይክ ቢያብር ደግሞ አንበሳውን ጋን ውስጥ ከትቶ ያስጮኸዋል።

"አላዳመጠም ወይ?" እንዳትይኝ፣ ትበድይዋለሽ። አዳምጧል! ጆሮ ማዳመጫው የቀኙን ለቀኝ፣ የግራውን ለግራ ለያይቶ ስለሰጠው፣ ድምፁ ሰፍቶ፣ ገዝፎ ተሰማው። እንባውን ሁሉ ጠርጓል… በራሱ ሥራ። ከዚያ "ለስልክም ለድምፅ ማጉያም ይመቻል" ብሎ ሁለቱን አንድ ላይ ጨፈለቃቸው፤ ዋናዎቹንም ቦታ ያጣብባሉ ብሎ አጠፋቸው። ንጹሕ ሰው ነው፣ ኮተት አይወድም። የጨፈለቀውን ለመስማት ጊዜ ያገኘው ደግሞ የዛሬ ሳምንት፣ አንቺ "እመጣለሁ" ብለሽ ስትደውይ ነው። የኔታ በየካቲት አርፈዋል። ከመቃብር ጠርቶ እንደገና ያዚሙልኝ አይላቸው! የተጋባውን ድምፅ የሚያፋታለት ሽማግሌም ያልጠየቀው የለም፣ እስከ አዲስ አበባ ደውሏል… አልተገኘም።

አፈርኩ፣ ይማርሽ። በሱ ነው የማፍረው… በማን ላፍር ብለሽ ነው?

በዚህ ፍላሽ ላይ ዜማው አለልሽ። የአባትሽ ነው፣ አባትሽ ግን አይደሉም። እሑድ ለሕዝብ ከማሰማትሽ በፊት ብቻሽን ስሚው።

አንዲት ነገር ግን ተርፋለች። ሁለተኛውን ማይክ ሳይሰካ በአንዱ ብቻ የሞከራት፣ ማጥፋቱን የረሳት… አሥራ አንድ ሰከንድ። ድምፃቸው ሙሉ ነው፤ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እንኳ ይሰማል። ዜማ ግን የለበትም። "ልጄ፣ እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ሁለቱ ምን ያደርግልሃል?" ይላሉ። ከዚያ የሱ ድምፅ ይከተላል፣ ጥርት ብሎ፣ አንዳች ሳይጎድለው፦ "የኔታ፣ እርስዎ ብቻ ያዚሙ፤ ሥራውን እኛ አበጥረን እናውቃለን።"

በይ አታልቅሺ… ረግመሽውም እንዳትወጪ። እንዲህ ያለ ሰው ምርቃት እንጂ እርግማን አይገባውም። እኔ ልጀምርልሽ። እግዜር ለዚያ ባለሙያ ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ዓይኑ ቢፈዝ፣ ጉልበቱ ቢዝል እንኳ ጆሮውን ይጠብቅለት… እስከ ዕለተ ሞቱ አጥርቶ የሚሰማ ያድርገው።

አሜን በይ እንጂ።