ኩፍ አልል ያለው ሊጥ

ሰው ሲናደድ መጀመሪያ የሚረሳው ጃንጥላውን ነው። ጋሽ ማነውም ያን ቀን ጠዋት ሰማዩ እንደጠቆረ እያዩ ከዳቦ ቤታቸው ባዶ እጃቸውን ወጡ። መንገዱን ሳያጋምሱ ዝናቡ ወረደ፤ ዝናብ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፣ ነፋስም ቀላቅሎበታል። እየሮጡ፣ በእሳቸው ዕድሜ ሩጫ ከተባለ፣ አንድ የተዘጋ ፋርማሲ በረንዳ ስር ገቡ። ቀድማቸው የተጠለለች ሴት ነበረች፤ ቀና ብለው ሲያዩ የወንድማቸው ልጅ ናት።

«ጋሼ! እንዴት አደሩ? ምነው ያለ ጃንጥላ?»

«እኔስ ተናድጄ ነው። አንቺስ? ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ዝናብ መምጣቱን አላወቅሽም?»

«እሱን አላስተማሩንም» አለችና ሳቀች።

ይህች ልጅ ስለ ሰው አእምሮ ተምራ በአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን የምታማክር ናት። ጋሽ ማነው ሥራዋን ከልባቸው ተረድተውት አያውቁም። ሰው ቁጭ ብሎ እያወራ እንዴት ደሞዝ ይበላል? ይህ ለእሳቸው እንቆቅልሽ ነው።

«ጋሽ ማነው» መባላቸውም እንዲያው አልነበረም። ሰሃን ቢሰበር፣ በር ሳይዘጋ ቢያድር፣ ዳቦ ቢያር፣ ከአፋቸው ቀድማ የምትወጣው ቃል «ማነው?» ናት። ምን ሆነ፣ እንዴት ሆነ ብሎ ነገር የለም። ጥፋተኛው ከተያዘ ነገሩ አለቀ፤ ሰሃኑ እንደተሰበረ ቢቀርም ግድ የላቸውም። ሰፈሩ ይህን አይቶ ስም አወጣላቸው። «ይሄን ስም ያወጣልኝ ማነው?» ብለው ሰው ሲመረምሩ ከረሙ ይባላል።

«ወዴት እየሄዱ ነው በዚህ ዝናብ?» አለቻቸው።

«ሊጥ አቡኪ ልፈልግ።»

«እንዴ! የእትዬ ወንድምስ?»

ጋሽ ማነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዳቦ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ሊጡን የሚያቦካው የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ነው። ዝምተኛ፣ እጀ ብርቱ ሰው ነው። ታዲያ ሰሞኑን ዳቦው ባሕርዩ ተለወጠ። አንድ ቀን ኩፍ ብሎ ይወጣል፣ ሌላ ቀን የጫማ ሶል መስሎ ይወጣል። ደንበኛ ማጉረምረም ጀመረ። ጋሽ ማነውም ትናንት ሰው በተሰለፈበት፣ ባለቤታቸው ዳቦ እየሸጠች አጠገባቸው በቆመችበት፣ «አንተ፣ እርሾዬን የት እያደረስክ ነው?» አሉት። አቡኪው ሽርጡን ፈታ፣ አጣጠፈ፣ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ባለቤታቸውም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዘጋቻቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ማለት ይሄ ነው።

«ሲሰርቅ አይተውታል?» አለች ልጅቱ፣ ታሪኩን ሰምታ ስትጨርስ።

«አላየሁም። ግን ሌላ ማን ይሆናል? እርሾውን የሚነካው እሱ ብቻ ነው።»

«ዳቦው በየቀኑ ነው የሚበላሸው?»

«አይደለም እኮ! የሚያናድደኝስ እሱ አይደል? አንዳንድ ቀን ልቅም ያለ ዳቦ ይወጣዋል። ሲፈራኝ ነዋ!»

«ሲበላሽስ?»

«ሲንቀኝ ነው።»

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ጋሼ፣ ዳቦው ሲያምርም ጥፋተኛ፣ ሲበላሽም ጥፋተኛ። እንዲያው ይሄ ሰው ንጹሕ የሚሆንበት ቀን የትኛው ነው?»

ጋሽ ማነው ተቆጡ።

«ኤዲያ! እናንተ የተማራችሁት ለሁሉም ምክንያት ትደረድራላችሁ። ባለቤት ያልተቆጣበት ቤት ይፈርሳል። አባቴ፣ የአንቺ አያት፣ ጥፋተኛ ሳይዝ አይተኛም ነበር። በእሱ ፊት ዝንፍ የሚል ሰው አልነበረም!»

«ልክ ነው፣ ሰው ሁሉ ይፈራቸው ነበር። በመጨረሻው ዘመናቸው ግን ቤታቸው ውስጥ ማን ቀርቶ ነበር?»

ጋሽ ማነው ወደ ዝናቡ ዞሩ። ማንም አልቀረም ነበር። ይህን ደግሞ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከቤቱ መጀመሪያ የወጡት እሳቸው ናቸው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ላስከፋዎት ብዬ አይደለም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዝናቡ እስኪያባራ አብረን ነገሩን እንየው። ካልጠቀመዎት አቡኪ ፍለጋዎን ይቀጥላሉ።»

«ማምለጫ የለኝማ! በዪ እስቲ፣ የምታወሪበትን ሥራ አሳዪኝ።»

«መጀመሪያ ምንም አይወስኑ። አሁንም ልብዎ ይዘላል። የተቆጣ ሰው ከመንገዱ ሁሉ አንዱን ብቻ ነው የሚያየው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የሚያጸጽተው ነው።»

«አቡኪም አልቅጠር?»

«ዝናቡ እስኪያባራ አይቅጠሩ።»

«በዝናብ ማን ይቀጠርልኛል!» አሉ፤ ሳያስቡት ፈገግ አሉ። ልጅቱም የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ፈገግ ያለ ሰው በመጠኑም ቢሆን በርዷል።

«አሁን ችግሩን ባጭር ቃል ይንገሩኝ። ግን ሰው እንዳይገባበት።»

«ቀላል ነው። እርሾዬን እየሰረቀ…»

«ሰው ገባ።»

«ሊጡን በቅጡ ሳያሸው…»

«አሁንም ሰው አለበት።»

ጋሽ ማነው ባለፈው ዕድሜያቸው ሁሉ ሰው የሌለበት ችግር አጋጥሟቸው አያውቅም። ግንባራቸውን አሹ፣ ኮታቸውን ሳቡ፣ በመጨረሻም ጥርሳቸው እንደሚነቀል ሰው እያማጡ፣ «ሊጡ… አንዳንድ ቀን… ኩፍ አይልም» አሉ።

«እሰይ! ይኸው ነው ችግሩ።»

ይቺ ናት? ብለው በልባቸው ተገረሙ። በዚያ ሁሉ ሰሞን ሲጮኹ፣ ሲራገሙ፣ ሲጠረጥሩ ይህችን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አላሏትም ነበር። ሰው የችግሩን ስም ሳያውቅ መድኃኒት ፍለጋ ሲዞር ይውላል።

«ከመቼ ወዲህ ነው? ከዚያ በፊት ምን የተለወጠ ነገር አለ?»

«ምንም። ዱቄቱ ያው፣ እርሾው ያው፣ ምድጃው ያው። ሰውየውም ያው ነው… ማለቴ ነበር።»

«ደህና። እንግዲህ መፍትሔ የሚመስል ነገር ሁሉ ይናገሩ። ሞኝነት ቢመስልም፣ የሚያስቅም ቢሆን ይበሉት። አሁን እናወጣለን እንጂ አንፈርድም፤ መፍረዱ በኋላ ይመጣል። እያወጣን ከፈረድን ግን ደህናውም ሐሳብ ፈርቶ ይደበቃል።»

«የሕፃን ጨዋታ!»

«ይጫወቱ እስቲ።»

«ዱቄት መቀየር። እርሾ መጨመር። ሌላ እርሾ መግዛት። ሊጡን ረዘም ላለ ሰዓት ማቆየት። ጸሎት ማድረስ።» ነፋሱ ዝናቡን እየገፋ በረንዳው ድረስ መጣ። ጋሽ ማነው አንገታቸውን ኮታቸው ውስጥ ቀበሩና ብስጭት ብለው፣ «ካልሆነም ብርድ ልብስ እናልብሰው እንግዲህ!» አሉ።

ልጅቱ አልሳቀችም። «ለምን ብርድ ልብስ?»

«ቀልዴን ነው እንጂ!»

«ገብቶኛል። ግን ከቀልድ ሁሉ ይሄኛው እንዴት መጣልዎት?»

«በርዶኝ ነዋ! ሊጥም ቢሆን እንደ ሰው ነው፤ ከበረደው ኩርምት ብሎ ይቀራል። ይሄን የማያውቅ ዳቦ ጋጋሪ የለም።»

«የእርስዎ ሊጥ የሚቀመጥበት ቦታ ይበርዳል?»

«በምን ምክንያት! ገንዳው ያለው ከግድግዳው ሥር፣ ከምድጃው ትይዩ…»

እዚህ ላይ ቆሙ። «መስኮቱ» አሉ ቀስ ብለው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ጋሽ ማነው ደንበኛ ከመንገድ ሆኖ ዳቦ እንዲገዛ ብለው ግድግዳውን አስፈልፍለው የመሸጫ መስኮት አውጥተው ነበር። ሰው ሁሉ አደነቀላቸው፤ እሳቸውም ላለፈ ላገደመው ሲያሳዩት ሰነበቱ። መስኮቱ ያለው ከሊጡ ገንዳ ራስጌ ነው። ጠዋት ሲከፈት ነፋሱ ሊጡ ላይ ያርፋል። ነፋስ በሌለበት ቀን ዳቦው ያምራል፤ ነፋስ ባለበት ቀን ሶል ይሆናል። «ምን ተለወጠ?» ሲባሉ ይህ ትዝ ያላላቸው ለምንድን ነው? ሰው የሚኮራበትን ነገር አይጠረጥርማ!

«ወይኔ! ያ አናጺ ጉድ ሠራኝ! መስኮቱን እዚያ ጋ ያወጣው…»

«ጋሼ።»

«…እኔ ነኝ እዚያ ጋ ያልኩት» ብለው ጨረሱ።

«ደግሞም ገና እርግጠኛ አይደለንም። አቡኪውን ትተን መስኮቱን ከሰስነው እንጂ አልመረመርነውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አይደል የሚባለው? ነገ ከአንዱ ሊጥ ገሚሱን መስኮቱ ሥር፣ ገሚሱን ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። የሚሆነውን ያዩና ካልሆነ ሌላ ሐሳብ እንሞክራለን።»

ዝናቡ አባራ። ጋሽ ማነው አቡኪ ፍለጋውን ትተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ንጋት ላይ ሊጡን ራሳቸው አቦኩ። ከብዙ ዘመን በኋላ ነውና ክንዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ለፉ፤ ያ ዝምተኛ ሰው በየቀኑ ምን ሲያደርግ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባቸው። ሊጡን ለሁለት ከፍለው አስቀመጡ። ነፋሱም እንደታዘዘ ሁሉ መጣ። ራቅ ያለው ኩፍ አለ። መስኮቱ ሥር ያለው ኩርምት እንዳለ ቀረ። ጋሽ ማነው ሁለቱን እያገላበጡ ብዙ አዩና፣ ሽርጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ ልጅቱ ወዳለችበት ትምህርት ቤት ገሰገሱ።

«ልጄ፣ ችግሩ ተፈታ!»

«የትኛው?»

«የትኛው ትያለሽ እንዴ? የዳቦው ነዋ!»

«ደስ ይላል። እትዬ አነጋገሩዎት?»

ጋሽ ማነው የተማሪዎቹ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ወንበሩ አነስተኛ ስለሆነ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። «አላነጋገረችኝም» አሉ። «ሊጡ ተነሣ፣ ቤቴ ግን እንደተኛ ነው።»

«እንግዲያው ይሄኛውንም እንደዚያኛው እንየው።»

«ደሞዙን ልጨምርለት አስቤያለሁ። ወይም ሰው ልላክበት። ወይም ዝም ብል ይረሳዋል።»

«ሐሳቦቹን ይያዟቸው። ግን አስቀድመው ችግሩን ባጭር ቃል ይንገሩኝ።»

ጋሽ ማነው የሽርጣቸውን ጫፍ ጠቀለሉ። ውጭ ተማሪዎች ይንጫጫሉ። «ሰው ፊት… ሰውን ሌባ አልኩት» አሉ በመጨረሻ። ቀጥለውም ደንገጥ ብለው፣ «አይ፣ ሰው ገባበት» አሉ።

«የገባው ሰው እርስዎ ነዎት ጋሼ» አለች ልጅቱ። «ይሄኛው ይፈቀዳል።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ጉንፋን ነው አሉ። «ታዲያ ደሞዝ መጨመሩ ይሄን አያነሣውም» አሉ። «ሰው መላኩም አያነሣውም። ሰው ፊት የተባለ ሰው ፊት ነው የሚመለሰው።»

ይህን ያለችው እሷ አይደለችም፤ ራሳቸው ናቸው። ልጅቱ ራሷን ከመነቅነቅ በቀር የጨመረችው የለም።

ማታ ለባለቤታቸው፣ «ነገ ጠዋት ወንድምሽ መስኮቱ ጋ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ልቀጥረው አይደለም፣ እንዲሰማኝ ነው» አሏት። እሷም ቃል ሳትተነፍስ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

ጠዋት እንደወትሮው ሰው ተሰለፈ። ከሰልፉ መጨረሻ አቡኪው እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ቆሟል። ጋሽ ማነው አንገታቸውን በመስኮቱ አወጡ።

«ጎረቤቶቼ፣ ያን ለት በዚህ መስኮት የተናገርኩትን ሰምታችኋል። የምመልሰውን ደግሞ ስሙኝ። እርሾ የሰረቀ የለም። ሊጡን ሲገድለው የከረመው በዚህ መስኮት የሚገባ ነፋስ ነው። ማነው መስኮቱን ያስወጣው ብትሉኝ፣ እኔ ነኝ። ማነው ሳያጣራ የሰው ስም ያጠፋው ብትሉኝም፣ እኔ ነኝ። ወንድሜ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ። በሉ አሁን በበሩ ግቡ፣ ይሄ ሊዘጋ ነው።»

ብለው መስኮቱን ዘጉት። ሰው እየተሳሳቀ በበሩ ገባ። አቡኪው መጨረሻ ገባ። ከመደርደሪያው አንድ ዳቦ አነሣ፣ ቆረሰ፣ ቀስ ብሎ አላመጠ።

«ይሄን ያቦካው ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ማነው።

«ያስታውቃል» አለና፣ ከሚዛኑ ላይ ማንም ያልነካውን ሽርጡን አንሥቶ ታጠቀ።

ከዚያ ወዲህ የዚያ ዳቦ ቤት ነገር ተለውጧል። ቅጽል ስም አንዴ ከያዘ አይለቅምና ጋሽ ማነው አሁንም ጋሽ ማነው ናቸው። ነገር ግን ሚዛኑ ሲዛባ ሰው ከመጥራታቸው በፊት ሚዛኑን ያዩታል። ቁጣቸው ሲመጣ በረንዳ ወጥተው ይቆማሉ፤ ሲመለሱ «ምን ሆነ?» ይላሉ። ሠራተኞቹም ጥፋታቸውን መደበቅ ስለተዉ ነገር ሳይበላሽ ይደረስበታል፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው። ዳቦው የማይነሣበት ቀን ዛሬም አይጠፋም። ሰው ግን አይባረርም፤ አንዱ ሐሳብ ካልሠራ ሌላው ይሞከራል።

ያን ቀን ጠዋት ግን ገና ይህ ሁሉ አልነበረም። ጋሽ ማነው መስኮቱን የሚደፍን ግንበኛ ሊጠሩ ወደ በሩ ሲያመሩ፣ ባለቤታቸው ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን አንሥታ ያዘችላቸው።

«ደምኗል» አለች። «ጃንጥላህን እንዳትረሳ።»