አራተኛው የወጥ ቤት በር

አናጢው አራት ማጠፊያና አንድ ካርቶን ብሎን ገዝቶ በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ሲመለስ ክፍት ሆኖ ያገኘው ወንበር ጎረቤቱ ነርሷ አጠገብ ያለው ብቻ ነበር። ቆሞ ለመሄድ አስቦ ነበር፤ ጉልበቱ እንቢ ስላለው ሳይወድ ተቀመጠ።

የሰፈሩ ሰው «ጋሼ ሜትር» ይለዋል። ሜትሩ ከኪሱ አይጠፋም፤ ሰው ሲያይም ከእግር እስከ ራሱ የሚለካው ይመስላል። አሁንም ነርሷን በዓይኑ ለካት፤ ልኳም አልጣመውም። ሚስቱ ከቤት ከወጣች ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። እሱ የትምህርት ቤት መስኮት ሊገጥም ሌላ ከተማ ሰንብቶ ሲመለስ ያገኘው «እህቴ ጋ ነኝ፤ አታስብ» የሚል ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነበር። ሻንጣዋን ተሸክማ የሸኘቻት ነርሷ መሆኗን ከባለሱቁ ሰማ። ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠው ግን በወጥ ቤቱ በር ፋንታ ተሰቅሎ የነበረው መጋረጃ መጥፋቱ ነው። መጋረጃ ሳይቀር ነቅላ የሄደች ሴት ልትመለስ አላሰበችም፤ ይህን የመከረቻት ደግሞ ይህቺ የተማረች ጎረቤት ናት ብሎ ከደመደመ ሰነባብቷል፤ እህቷ ቤት ሄዶ መጠየቁንም ክብሩ አልፈቀደለትም።

«ደህና ዋሉ ጋሼ?» አለች ነርሷ ዘንቢሏን ወደ ራሷ ሰብስባ።

«ደህና፣ ሲስተር። ብዙ ሸምተሻል።»

«ካሮት፣ ድንችና ምስር ነው። ዛሬ የማብሰያ ቀኔ ስለሆነ የሦስት ቀኑን አንዴ ሠርቼ አስቀምጣለሁ። ነገና ከነገ ወዲያ የአዳር ተረኛ ነኝ፤ ዓርብ ደግሞ ለትርፍ ሥራ የተቀበልኩትን የደንብ ልብስ እሰፋለሁ።»

«ባለቤትሽስ?»

«ቅዳሜ ከመንገድ ይገባል። እሁድ ማብሰሉ የሱ ነው፤ እኔ የጓዳውን ግድግዳ ቀለም እቀባለሁ።»

ጋሼ ሜትር ጆሮውን አቀና። ጎማ ሲቀይር የሚያውቀው የከባድ መኪና ሾፌር ሽንኩርት ሲከትፍ ሊታየው አልቻለም። «ማነው እንዲህ የሚያዛችሁ?» ሲል ጠየቀ።

«ማንም አያዘንም፤ ተነጋግረን ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። ለመሥሪያ ቤት፣ ለትርፍ ሥራ፣ ለቤት፣ ለመንገድ ለየብቻ ቀን አለው። ጊዜ ተርፎን አይደለም፤ ስለማይተርፈን ነው።»

«ሚስቴም ይህን ወረቀት አይታዋለች?»

«አይታዋለች።»

አልኩ እኮ፣ አለ በሆዱ። ጮክ ብሎ ግን በጨዋ ደንብ እንዲህ አላት፦ «ስሚኝ ልጄ። ሰው በወረቀት አይኖርም። ትእዛዝ ሲመጣ ይሠራል፣ መንገድ ሲጠራው ይሄዳል። ደንበኛ ካዘገዩት ይሸሻል፤ ቤት ግን የትም አይሄድም። እኛ እንዲህ ስንኖር ሠላሳ ዓመት ሞላን።»

«እውነት ነው፣ ቤት የትም አይሄድም። የወጥ ቤቱ በር ግን ስንት ጊዜ ሄደ ጋሼ?»

እዚህ ላይ ስለ በሩ ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። ጋሼ ሜትር ያን በር ሦስት ጊዜ ሠርቶታል። የመጀመሪያውን አንድ ዳቦ ጋጋሪ አይቶ ወደደውና ወሰደው፤ ሁለተኛው ለክሊኒክ ሄደ፤ ሦስተኛው ቫርኒሹ ሳይደርቅ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ተገጠመ። በየጊዜው ሚስቱን «ለጊዜው መጋረጃው ይሁን፣ የኛው ይደርሳል» ይላታል። ለደንበኛ የቆረጠውን ቀን አንድም ጊዜ አሳልፎ አያውቅም፤ በዚህም ይኮራል፤ ኩራቱም ተገቢ ነው። የሚያሳዝነው ግን ቀን ያልተቆረጠለት ሰው ቤቱ ውስጥ መኖሩን ልብ አለማለቱ ነው።

«ይህንም እሷ ነግራሽ ይሆናል» አለ፣ ድምፁ ሻክሮ።

«አጥራችን አንድ አይደል? ሦስቱም ሲወጡ አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ፊት ለፊት እንነጋገር። ሚስቴን ምን ብለሽ ነው ከቤቷ ያስወጣሻት? ሻንጣዋን የተሸከምሽው አንቺ ነሽ፤ አትካጂኝ።»

«እንዳልናገር አደራ ብላኛለች» አለች ነርሷ። «እኔን መጠርጠርዎ ባልከፋኝ፤ እሷን ከጠረጠሩ ግን ዝም ማለቱ ይከብደኛል። ሻንጣውን የተሸከምኩት እጇ ስለማይችል ነው።»

«እጇ ምን ሆነ?»

«ነፋስ መጋረጃውን ቡታጋዙ ላይ ጣለው። በእጇ ጎትታ ስትነቅለው ተቃጠለች። ቀኝ እጇ ነው፤ ወረቀቱንም በግራዋ ነው የጻፈችው። አሁን እየዳነላት ነው፤ እህቷ ናት ጤና ጣቢያ የምታመላልሳት። እሱ ሲሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ ከደንበኛ ጋር ይቀያየማል ብላ ነው የደበቀችዎት።»

ጋሼ ሜትር ክው ብሎ ቀረ። ከተመለሰ ጀምሮ ይዛው ሄደች ብሎ ሲያማት የነበረው መጋረጃ ለካ እጇ ላይ የነደደ ነው። እሷ በዚያ ሕመም ውስጥ ሆና ያሰበችው ለሱ ደንበኛ ነው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ነርሷ፣ «ማጠፊያዎቹ ለማን ናቸው?» አለችው።

«ለአራተኛው በር። ለኛው ነው።»

«ያየው ሰው አለ?»

«አንድ ባለሆቴል አይቶታል። ሰኞ ልምጣ ብሏል።»

«አሁን ደግሞ ተጠራጣሪዋ እኔ ልሁን። ሰኞ ማታ በሩ ይገኛል?»

«ደንበኛን በምን አፌ እንቢ እላለሁ?»

«የሌላ ደንበኛ በር ቢጠይቅዎስ?»

«እሱማ ነውር ነው» አለ ቆጣ ብሎ። «ስም ተጽፎ፣ ቀን ተቆርጦ እንዴት እሰጣለሁ?»

«እትዬስ በትእዛዝ ደብተርዎ ላይ ስም አላት ጋሼ?»

አውቶቡሱ ሰፈራቸው ሲደርስ ጋሼ ሜትር ዘንቢሏን ተቀብሎ እስከ ደጃፏ ተሸከመላት። ይህም ከሱ ይቅርታ እንደ መጠየቅ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ደብተሩን ገልጦ፣ «ደንበኛ፦ ባለቤቴ። ዕቃ፦ የወጥ ቤት በር። ቀን፦ ሐሙስ» ብሎ ጻፈ። ከጻፈ በኋላ እንደማንኛውም ትእዛዝ አስጨነቀው፤ ሐሙስ ከቀትር በፊት በሩ ተገጠመ። እሁድ ሚስቱን ከእህቷ ቤት ይዟት መጣ።

ሚስቱ ግን ከሱ ጋር ሠላሳ ዓመት የኖረች ሴት ናት። በሩን ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ በግራ እጇ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካካቻቸው።

«የማን ነው?» አለችው።

«ያንቺ ነው።»

«እስከ መቼ?»

ሻንጣዋን አልጋው ሥር አስቀመጠችው፤ አልከፈተችውም።

ሰኞ ባለሆቴሉ መጣ። ሚስቱ ወጥ ቤት ሆና ድስቱን ማማሰሏን ተወች።

«ያ በር ተሽጦ እንዳይሆን» አለ እንግዳው ከግቢው። «ነገ እንግዶች ይገቡብኛል፤ በሞቴ ጋሼ ሜትር፣ ነቅለህ ስጠኝ። ለራስህ ሌላ ትሠራለህ።»

ጋሼ ሜትር የትእዛዝ ደብተሩን ገለጠ።

«እሱ ሰው ያዘዘው ነው» አለ። «ያንተን ለመጪው ሳምንት ዓርብ አደርስልሃለሁ። የምትቀድመው ሰው የለም፤ የሚቀድምህም አይኖርም።»

ባለሆቴሉ ትንሽ አጉረመረመና ተስማማ፤ አልሸሸም። ሚስቱም መኝታ ቤት ገብታ ሻንጣዋን ጎተተችና በግራ እጇ ዚፑን ከፈተች።

አሁን በዚያ ቤት ግድግዳም ላይ ወረቀት አለ። ሰኞና ሐሙስ ጋሼ ሜትር ያበስላል፤ የመጀመሪያውን ምስር አሳረረው፣ ሁለተኛው ተበላ። ለሥራ ሌላ ከተማ ከመሄዱ በፊት በቤቱ የተጀመረ ነገር ይጨርሳል፤ ሳይጨርስ ሌላ አይጀምርም። ደንበኞቹ አልቀነሱም፤ ቀኑ አስቀድሞ ስለሚነገራቸው እንዲያውም ንትርክ ቀረ። ሚስቱ እህቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ከነመመለሻ ቀኗ ተጽፎ ስለሚያየው እሱም ባለሱቁን መጠየቅ አቁሟል። ሥራ የሚበዛበት ቤት ሁሉ ይህን ቢሞክረው ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

ሚስቱ ግን ጥርጣሬዋ ሙሉ ለሙሉ አልወጣላትም። ደንበኛ ግቢ ውስጥ በገባ ቁጥር የያዘችውን አስቀምጣ የወጥ ቤቱ በር ላይ ትደገፋለች። እሱም ያያታል፤ አይቀየማትም።