የዲጋዋ ልጅና የመግቢያ ፈተናው

ነቀምቴ በዚያን ዘመን ክረምቱ ሲወጣ ደስ የምትል ከተማ ነበረች፤ ጭቃዋ ሳይቀር ይናፍቀኛል። በ፲፱፻፶ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከከተማዋ ወጣ ባለችው ገጠር በዲጋ የሚያስተምረው ወዳጄ መምህር ደረሳ ቅዳሜ ገበያ መጥቶ አብረን ስንሄድ ግራዝማች ሽብሩን መንገድ ላይ አገኘናቸው። ከሸዋ መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ለከተማዋ አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪ የሚመርጠው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ።

«አከም ቡልተን፣ ግራዝማች?» አለ ደረሳ ባርኔጣውን አንሥቶ፤ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ ልጄ። ፊትህ ግን ደኅና አይመስልም።»

«ስለ ተማሪዬ ስለ ድርቤ ነው። ከክፍሉ ሁሉ አንደኛ ነበረች፤ በመግቢያ ፈተናው ግን ወደቀች። ሰኞ ምዝገባው ይዘጋል። የእኛ ትምህርት ቤት ደግሞ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም፤ በዚያው መቅረቷ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ድሮ ልጅ የሚገባው በአማላጅ ነበር። ፈተና ግን እንደ ሚዛን ነው፤ ዘመድ ባዳ አይልም።»

«እሱስ እውነትዎን ነው። ግን አንዱን ጥያቄ ልጠይቅዎ፤ ሰው ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«ከአጥር ውጭ ቆሜ ‹ቤቶች!› እላለሁ እንጂ ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

«ድርቤም ‹ደጅ ቆሜ እጣራለሁ› ብላ ጻፈች። መልሱ ‹በሩን አንኳኳለሁ› ነው ተብሎ ተሰረዘባት። የሚቀጥለው ስለ ባቡር ጣቢያ ነው። ዲጋ ባቡር ማን አይቶ ያውቃል?»

ግራዝማች ሊሥቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ሰብሳቢነታቸው ግን ያዛቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እሳቸው ወረቀቱን ይዘው ነበር እንጂ ሞኝ አልነበሩም።

«እኔም ወደቅሁ በለኛ። ቢሆንም ፈተናው ጎበዙን ከሰነፉ ይለያል።»

«መለየቱ የሚታወቀው ከገቡ በኋላ ነው፣ ግራዝማች። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የዛሬ ሁለት ዓመት አንደኛ የወጣው ማን ነበር?»

ፊታቸው ጠቆረ። በላይ የተባለው የገዛ ልጃቸው ነበር። አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ እየከረመ ባቡሩንም ማንኳኳቱንም ያውቃል፤ ትምህርቱን ግን ዓመት ሳይሞላው ጥሎ መጣ። ደረሳ በመጠየቁ እኔ አፈርኩ፤ ግን ሌላ መንገድ አልነበረውም።

«በዚያው ፈተና መጨረሻ ወጥቶ የገባው ጨመዳስ?» አለ ደረሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እሱማ ዛሬ ሁሉን ይበልጣል ይሉኛል። ያስገባነው ቦታ ስለ ተረፈ ነበር።» ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ደረሳ ዞሩ። «ቦታ ያልተረፈላቸውስ? የመለስናቸውን ማን ተከትሎ አየ?»

«ፈተናው ይቅር አልልም» አለ ደረሳ፤ «አማላጁ ይመለሳልና። ጥያቄውን የገጠር መምህራንም አስቀድመው ይዩት፤ የክፍል ውጤት አብሮ ይታሰብ፤ የገቡትም እንዴት እንደ ሆኑ በየዓመቱ ይጠየቅ።»

«እንግዲያስ ኮሚቴው ዛሬውኑ ይሰብሰብ» አሉ ግራዝማች፤ ገበያቸውንም ትተው ከእኛ ጋር ተመለሱ።

ኮሚቴው የክፍል ውጤቷን አይቶ ስለ ተቀበላት ድርቤ ሰኞ ተመዘገበች። ከዚያ ወዲህ ከዲጋና ከጉቶ ገጠር የሚመጡ ልጆች በዙ፤ ጥለው የሚሄዱት አነሱ፤ ትምህርት ቤቱም እውነተኛ ጎበዞቹን አገኘ። ድርቤም ተምራ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ለመሆን በቃች፤ ስሟን ነቀምቴ ሁሉ ያውቀዋል። ከእሷ በፊት የተመለሱትን ልጆች ስም ግን ብጠይቅ ብጠይቅ የሚነግረኝ አላገኘሁም።