ያልታጨደው ጤፍ

በታክሲ ከሰበታ እንደተነሳን አንድ ወጣት አጠገቡ የተቀመጡትን ገበሬ ጠየቃቸው።

«ኦቦ፣ የትኛውም ፓርቲ ቢያሸንፍ ለአንቱ ምን ይለውጣል?»

«ድሮ ምንም። እኔና ጎረቤቴ የተለያየ ፓርቲ መርጠን እየተበሻሸቅን አብረን እንመለስ ነበር። መኸር ሲደርስ ደቦ ይመጣልኛል። ‹የተሸነፈ ሰው ማጭድ ያምርበታል› እለዋለሁ።»

«እሱስ?»

«‹ያሸነፈውን ጥራውና ያጭድልህ› ይለኛል። እየሳቀ ያጭዳል።»

«አሁንስ?»

«ልጆቻችን በፓርቲ ተጣሉ። እኛም በየልጃችን ወገን ቆምንና ሰላምታ ተውን። ይኸው ጤፌ ደርሶ ሊረግፍ ነው።»

«ታዲያ ሄደው አይጠሩትም?»

«ባይመጣልኝስ?»

ገበሬው ፉሪ ላይ ወረዱ።

ወደ ጎረቤታቸው ይሁን ወደ ራሳቸው ቤት፣ በየትኛው መንገድ እንደሚታጠፉ ለማየት አንገቴን አዙሬ ቆየሁ።