ድልድዩ ላይ የያዝኳቸው ሰዎች

በደርግ ጊዜ አብዮት ጥበቃ ነበርኩ። አንድ ቀን ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ሁለት ሰዎች አፋቸውን ሳይከፍቱ በእጃቸው ሲነጋገሩ አየሁ። ምስጢር የሚለዋወጡ መስሎኝ ጠመንጃዬን ደግኜ ቀበሌ ወሰድኳቸው። ትልቁ ሰውዬ በእጃቸው ወረቀት ጠየቁና፣ "ጆሮዬ አይሰማም። ለመሰሎቼ የምልክት ቋንቋ አስተምራለሁ። ምስጢር ቢሆን ኖሮ አገር በሚተላለፍበት መንገድ ላይ እናወራው ነበር?" ብለው ጻፉ። የቀበሌው ሊቀመንበር አንብቦ ለቀቃቸው። እኔ በሃፍረት መግቢያ አጣሁ። መምህሩ ግን ከመውጣታቸው በፊት፣ "ማክሰኞ ከሰዓት ክፍል አለን፤ መጥተህ የምንለውን ስማ" ብለው ጽፈው ሰጡኝ።

ማክሰኞ ሄድኩ። የተማሪዎቹ እጅ ሲፈጥን አንድም ነገር አልገባኝም። ወረቀት አወጣሁና፣ "ይቅርታ እንዴት ይባላል?" ብዬ ጻፍኩላቸው። መምህሩ አንብበው ወረቀቱን አስቀመጡት። ከዚያ እጄን ያዙና ጣቶቼን አንድ በአንድ እያስተካከሉ አሳዩኝ።